«መድኃኒት እየዋጠ ጠበሉ አይሠራለትም» ይሉናል

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ነው የምንኖረው። የ19 ዓመት ወንድሜ ሳምንት ሙሉ ሳይተኛ ሲለፈልፍ ከረመ፤ አሁን እናታችንን «መልኳን ለብሰሽ የመጣሽ ነሽ እንጂ እናቴ አይደለሽም» ይላታል። አማኑኤል ሆስፒታል ታይቶ መድኃኒት ጀምሯል። ጎረቤት ግን «መንፈስ ነው፤ ኪኒኑን ጥላችሁ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ውሰዱት፤ መድኃኒት እየዋጠ ጠበሉ አይሠራለትም» ይለናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ወደ ጠበሉ ውሰዱት፤ ኪኒኑን ግን አትጣሉ። «መድኃኒት እየዋጠ ጠበሉ አይሠራለትም» የሚለው ወሬ ስንቱን ቤት ጎድቷል! የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚወሰዱ አስተምረዋል። ማቴዎስ 4፥24ን አንብቢው፤ «አጋንንትም ያደረባቸውን በጨረቃም የሚነሣባቸውን ሽባዎችንም» ብሎ አጋንንት ያደረባቸውንና ሕመምተኞቹን ለየብቻ ይቆጥራቸዋል። ወንጌል የለየውን እኛ ለምን እንደባልቃለን?

ይህ የወንድምሽ አነጋገር በሕክምና የታወቀ ነው። ካፕግራ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከባልደረባው ጋር በ1923 እ.ኤ.አ. ጽፎበት በስሙ ይጠራል። ዓይን የእናትን መልክ ያውቃል፤ አብሮት ይመጣ የነበረው የቅርበት ስሜት ግን ይቀራል፤ አእምሮም «ሌላ ሴት ናት» ይላል። አንዳንዱ ታማሚ ስልክ ላይ ድምፅዋን ሲሰማ «እማዬ» ይላል፤ በር ከፍታ ስትገባ ይሸሻታል። እንቅልፍ ማጣቱና መለፍለፉ ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የአእምሮ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ እሱን ሐኪሙ ይለየው።

ስለዚህ አትከራከሩት። መታወቂያ አምጥታችሁ «ይኸው እናትህ» ማለት ጥርጣሬውን ያባብሰዋል፤ «እንደፈራህ ገብቶናል፣ አብረንህ ነን» በሉት። እናትሽ ብቻዋን ከእርሱ ጋር አትደር፤ ቢላም ከአጠገቡ አርቁ፤ «አስመሳይ ናት» ብሎ ሊመታት ይችላል። ከዛተ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት። በሰንሰለት ማሰር ግን አይሆንም።

ጠዋት ተጠምቆ ኪኒኑን በሰዓቱ ይዋጥ። ማኅሌት አይቁም፤ እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። ጾሙን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት። የታዘዘለት ለባይፖላር የሚሰጠው ሊትየም የተባለ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ውኃ ሳይጠጣ አይዋል፤ ሰውነቱ ሲደርቅ መድኃኒቱ በደሙ ይከማቻል። እጁ በኃይል ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያስመልሰው፣ ቢንገዳገድ፣ ጠበል ቦታ ላይ «መንፈሱ እየለቀቀው ነው» ይባላል። አትስሙ፤ ቀጣዩን ኪኒን ሳትሰጡ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ አድርሱት፣ ደሙ ይመርመር። ለአጥማቂው ካህንም መድኃኒቱን አትደብቁ፤ ስሙንና የሚወስድበትን ሰዓት ንገሯቸው።