ማታ ሪፖርቱን የሚጽፉት የት ተቀምጠው ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ ለኢንሹራንስ የተሽከርካሪ ጉዳት መገመት ነው። ግማሽ ቀን ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ፎቶ አነሳለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ ደንበኛ አስፈርማለሁ። ማታ ሪፖርት እጽፋለሁ። ላፕቶፔ አርጅቷል። ኪቦርዱ የሚነቀል ታብሌት ልግዛ ወይስ ላፕቶፕ ይሻለኛል?
ገማቿ

መልስ፦ እኔም ልጠይቅዎ፤ ማታ ሪፖርቱን የሚጽፉት የት ተቀምጠው ነው? ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የሚነቀለውን ይግዙ። ሶፋ ላይ ወይም መኪና ውስጥ፣ ጭንዎ ላይ አድርገው ከሆነ ግን ይተዉት።

ነገሩ የክብደት ጉዳይ ነው። ላፕቶፕ ላይ ፕሮሰሰሩም ባትሪውም ከኪቦርዱ ሥር ናቸው። በሚነቀለው ግን ሁሉም ከስክሪኑ ጀርባ ተሸጉጧል፤ ኪቦርዱ ስስ ሽፋን ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ያለ መቆሚያ አይቆምም። መቆሚያው ደግሞ ከኋላ የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል። እኔ እንዲህ ያለውን አራት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። አንድ ቀን ወረፋ እየጠበቅሁ ጭኔ ላይ ስጽፍ መቆሚያው ከጉልበቴ ተንሸራተተ። የስክሪኑ ጥግ ወለሉ ላይ ተሰነጠቀ። ከመግዛቴ በፊት ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ጋራዥ ውስጥ ግን ወደር የለውም። ኪቦርዱን ነቅለው ቦርሳ ውስጥ ይከቱታል። በአንድ ክንድ ይዘው ጎድጎድ ያለውን በር ፎቶ ያነሳሉ፣ እዚያው ፎቶው ላይ በስክሪን ብዕር ያከብቡበታል፣ ደንበኛው እዚያው ይፈርማል። ማታ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ቀረ ማለት ነው። ለእርስዎ ሥራ ትልቁ ጥቅም ይኼ ይመስለኛል።

ዋጋ ሲጠይቁ ኪቦርዱና ብዕሩ አብረው መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው የሚሸጡት። ራሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በኋላ ልጨምር አይባልም። ከመጀመሪያው 16 ጊጋባይት ይያዙ።

የደንበኛ ሰነድ ስለሚይዙ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ኤስኤስዲ የሚወጣ ቢሆን እመርጣለሁ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የማይክሮሶፍት የሚነቀል ታብሌት ሰርፌስ ፕሮ 8 ከጀርባው ትንሽ ክዳን አለው፤ ኤስኤስዲው በዚያ በኩል ይወጣል። ዕቃው ለጥገና ሲሄድ ፋይሉ እርስዎ ጋ ይቀራል።

ፕሮሰሰሩ ከተለመዱት ከኢንቴልና ከኤኤምዲ የተለየው ስናፕድራገን ከሆነ ፕሪንተርዎና ስካነርዎ ለእሱ የተሠራ ድራይቨር (ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባቸው ሶፍትዌር) እንዳላቸው አስቀድመው ያጣሩ። ያገለገለ ከገዙ ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ይሁን። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ብዕሩን በማግኔቱ ብቻ አይመኑት። ከሽፋኑ ጋር በክር ይሰሩት፤ እኔ ሁለት ጠፍተውብኛል።