ላይም፣ ታይፎይድ ወይስ ታይፈስ? የደም ምርመራ ውጤቶች ሲጋጩ

ጥያቄ፦ ባለፈው ክረምት ልጄን ለመጠየቅ አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ሄጄ ሳለ ድካምና የመገጣጠሚያ ሕመም ጀመረኝ። እዚያ የተደረገልኝ የላይም በሽታ የመጀመሪያ ምርመራ ፖዘቲቭ፣ ማረጋገጫው ግን ኔጋቲቭ ሆነ። ሀዋሳ ከተመለስኩ በኋላም ሕመሙ ስላልተወኝ አንድ ክሊኒክ ደም ሰጥቼ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ» ተባልኩ። ልጅ ሳለሁ የግርሻ ትኩሳት ይዞኝ ነበር። የትኛውን ልመን? (አንባቢ፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እነዚህ ምርመራዎች እንደተለመደው የተሠሩ ከሆነ የሚፈልጉት ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ መከላከያ በሽታው ከዳነ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ሊቆይ ስለሚችልና ለአንዱ ጀርም የተሠራው ለሌላውም ምላሽ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ውጤቱ ብቻውን ዛሬ የሚያምዎትን አይነግረንም።

ላይምን የሚያመጣው ቦሬሊያ ቡርግዶርፈሪ በመዥገር ይተላለፋል፤ በሰውነት ቅማል የሚተላለፈውን ግርሻ የሚያመጣው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ ደግሞ ዘመዱ ነው። ስለዚህ ግርሻ፣ እንዲሁም ቂጥኝና ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ)፣ የመጀመሪያውን የላይም ምርመራ ሊያሳስቱ ይችላሉ። የእርስዎ ግርሻ ግን የልጅነት ስለሆነ ነገሩን ሁሉ በእርሱ ላይ ለመጣል አልደፍርም። በአሜሪካ ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ምርመራው በሁለት ደረጃ እንዲደረግ የተመከረው ይህን መሰሉን ስሕተት ለመቀነስ ነው፤ ሁለተኛው ካላረጋገጠው ውጤቱ በጠቅላላው ኔጋቲቭ ተብሎ ይነበባል። ሆኖም ፀረ እንግዳ አካሉ እስኪታይ ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ ደምዎ የተቀዳው ሕመሙ እንደጀመረ ከሆነ እውነተኛው ላይም አምልጦ ሊሆን ስለሚችል አሁን መድገሙ ተገቢ ነው። መዥገር ነክሶዎት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ሽፍታ ወጥቶብዎት ከነበረ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሀዋሳው ውጤት ነው። በአገራችን ለታይፎይድ የሚታዘዘው ዊዳል በ1896፣ ለታይፈስ የሚታዘዘው ዌል ፌሊክስ በ1916 (እ.ኤ.አ.) የታወቁ ምርመራዎች ናቸው። ዊዳል በቀድሞ ታይፎይድ፣ በክትባት፣ የታይፎይድ ጀርም ዘመድ በሆኑ ሌሎች የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ዝርያዎች፣ በወባም ጭምር ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ዌል ፌሊክስ ደግሞ የሚጠቀመው የታይፈስን ጀርም ሳይሆን ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያን በመሆኑ፣ በፕሮቲየስ የመጣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያለበትን ሰው እንኳ «ታይፈስ አለብህ» ሊያሰኝ ይችላል። ሁለቱም በአንድ ቀን ፖዘቲቭ ሲሆኑ ሰው ሁለት በሽታ በአንዴ ያዘኝ ብሎ ይደነግጣል፤ ብዙ ጊዜ መጠርጠር ያለበት ግን ምርመራው ነው። ከአንድ ጊዜ ዊዳል ይልቅ ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት በተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች መካከል የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን አራት እጥፍ መጨመሩ የተሻለ ምልክት ሲሆን፣ ከሁሉም የሚታመነው ጀርሙን ራሱን የሚያሳድገው የደም ካልቸር ነው።

ስለዚህ ትኩሳት ሳይኖርዎት በዚህ ወረቀት ብቻ መድኃኒት አይጀምሩ። ትኩሳት ካለዎት ግን ፀረ ተሕዋስያን ከመዋጥዎ በፊት የደም ካልቸር፣ እንዲሁም ወባና ግርሻ በማይክሮስኮፕ የሚታዩበት የደም ምርመራ እንዲደረግልዎት ይጠይቁ። የአሜሪካውን ወረቀት ደሙ የተቀዳበትን ቀን ጨምሮ ለውስጥ ደዌ ሐኪም ያሳዩ፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ሌሎች ብዙ ምክንያቶችም ስላሉት በአካል መመርመርዎ የግድ ነው። ጉልበትዎ ካበጠ፣ የፊትዎ አንድ ጎን ከዛለ ወይም የልብዎ ምት ከተዛባ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።