የአጥርና የወሰን ጥያቄዎች፦ ቀያሹ ይመልሳል

ቀያሹ፦ ከመጀመራችን በፊት፣ ስትጠይቁ ቦታው ከተማ ይሁን ገጠር፣ ካርታ ይኑረው አይኑረው፣ አጥሩም ያለቀ ይሁን ገና መሠረት ላይ ያለ ጻፉ። ችካል ደግሞ ማንም አይንቀል። የራሳችሁ ቢመስላችሁም አትንኩት።

ጥያቄ (ከሰሚት)፦ ኢንጂነር፣ የካርታዬን ኤክስና ዋይ (የማዕዘኑን ቦታ የሚያሳዩ ቁጥሮች) ስልኬ ላይ ባስገባ የማዕዘኔ ነጥብ ሁለት መንገድ አልፎ ሰው ግቢ ውስጥ ወደቀ። ካርታዬ ፎርጂድ ነው እንዴ?

ቀያሹ፦ ኢንጂነር አትበሉኝ፣ ቀያሽ ነኝ። ካርታህን አትጠርጥር። ቁጥሮቹ በየትኛው መነሻ (የቦታ መለኪያ ሥርዓት) እንደተሰሉ ካርታው ላይ ፈልግ፤ «አዲንዳን» የሚል ታገኛለህ። ስልክህ የሚሠራው በሌላ መነሻ፣ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብልዩ ጂ ኤስ 84 ነው። ሁለቱም «ዞን 37» የሚባለውን የካርታ ክፍል ስለሚጠቀሙ ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ፣ መሬት ላይ ግን አዲስ አበባ አካባቢ ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃሉ። የአዲንዳንን ቁጥር ሳትቀይር ስልክ ላይ ካስገባኸው ነጥብህ ወደ ደቡብ፣ ትንሽም ወደ ምዕራብ ሸሽቶ ይታያል። አንተም ያየኸው ይህንኑ ነው።

ቀይረህ ብታስገባውም ስልክ ለወሰን አይሆንም። ሜዳ ላይ ሰማዩ ክፍት ሆኖ እንኳ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። ግንብና ቆርቆሮ አጠገብ ሲሆን የሳተላይቱ ሞገድ እየነጠረ ስለሚደርሰው ይብሳል። የቦታህ ፊት 10 ሜትር ከሆነ የ4 ሜትር ስህተት ግማሽ ግቢ ሊበላ ምንም አይቀረው። ወሰን የሚወጣው ከታወቀ መነሻ ነጥብ ተነስቶ በቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት በሚለካ የቀያሽ መሣሪያ) ወይም በዲፈረንሻል ጂፒኤስ (ስህተቱ በሚታረም ጂፒኤስ) ነው። ቀያሽ ስትቀጥር ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት «ከየትኛው ነጥብ ትነሳለህ?» በለው። «ከጎረቤት አጥር ጥግ» ካለህ አሰናብተው፤ ያ አጥር ራሱ ገፍቶ ከሆነ ስህተቱን ላንተ ያወርስሃል።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ገፍቶኛል። ምን ላድርግ?

ቀያሹ፦ መጀመሪያ ላይ «ስትጠይቁ ጻፉ» ያልኩትን አንብብ።

ጥያቄ (ከሽሮ ሜዳ)፦ ካርታችን የጎኑን ርዝመት 20 ሜትር ይላል። እኛ በሜትር ስንለካው 20 መጣ፣ የጎረቤት ቀያሽ ግን በካርታው መሠረት ችካላችን ወደ እነሱ አልፏል አለን። ቦታው ተዳፋት ነው። ማንን እንመን?

ቀያሹ፦ ተዳፋት መሆኑን ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ፤ መልሱ እዚያ ውስጥ ነው። ካርታ ላይ ያለ ርዝመት አግድም ርዝመት ነው። እናንተ ሜትሩን መሬት ላይ አስተኝታችሁ ነው የለካችሁት። በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር በሚወርድ ተዳፋት ላይ 20 ሜትር ብትለኩ አግድሙ 19.61 ብቻ ነው። ስለዚህ በእናንተ አለካክ ችካሉ ካርታው ከሚለው ሳይደርስ ይቆማል፤ 39 ሳንቲሜትር የጎደለው ከእናንተው ነው። ወደ እነሱ አልፎ ከተገኘ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ የተነሳችሁበት ማዕዘን ትክክል መሆኑን አጣሩ።

ያለ መሣሪያ ለመፈተሽ ከላይኛው ጫፍ ጀምሩ። ሜትሩን በውሃ ልክ አግድም ወጥሩ፣ ከ5 ሜትር በላይ አትሂዱ፣ ጫፉ ላይ ቱንቢ ጥላችሁ መሬቱን ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ሜትሩ ከረገበ ርዝመቱን አብዝቶ ያነብባል። የጨርቅ ሜትር ደግሞ ሲስቡት ስለሚለጠጥ የብረቱን ተጠቀሙ።

ጎኖቹን ብቻ ለክታችሁ አትመለሱ፣ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ያለውን ሰያፉንም ለኩ። 10 በ20 የሆነ ቦታ ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ሁለቱም ሰያፎች 22.36 ሜትር ናቸው። ጎኖቹ ልክ ሆነው ሰያፎቹ ከተለያዩ ቦታው ተጣሟል፣ ስፋቱም ከ200 ካሬ ያንሳል። «ጎኑ ልክ ነው፣ ካሬው የት ሄደ?» እያለ የሚጨቃጨቅ ሰው ብዙ ጊዜ ሰያፉን አልለካም።

ጥያቄ (ከገርጂ)፦ የብሎኬት አጥር ልሠራ ነው። ግንቡ ወሰኑ ላይ ይቁም ወይስ ወደ ውስጥ?

ቀያሹ፦ ከጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ ወጪውን ከተካፈላችሁ መሐል ለመሐል ይሁን፤ ባለ 20 ብሎኬት ከሆነ 10 ሳንቲሜትር ከእያንዳንዳችሁ ይወስዳል። ስምምነቱን ጻፉት። ለብቻህ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥህ አስገባው፣ መሠረቱንም አትርሳ። የድንጋይ መሠረትህ 50 ሳንቲሜትር ስፋት ኖሮት ግንቡ መሐሉ ላይ ከቆመ በየጎኑ 15 ሳንቲሜትር ይተርፋል። ግንቡን ወሰኑ ጠርዝ ላይ ካቆምክ ከመሬት በታች 15 ሳንቲሜትር ጎረቤት ውስጥ ገብተሃል። እሱ ቤት ሊሠራ ሲቆፍር ያገኘዋል፣ ጠቡም ያኔ ይጀመራል።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ አያት አካባቢ ካርታ ያለው ባዶ ቦታ አለኝ። ጎረቤቱ መሠረት እያወጣ መሆኑን የእህቴ ልጅ ዛሬ ነገረኝ። ጠቅላላ ውክልና ይበቃዋል?

ቀያሹ፦ ዛሬውኑ ፎቶ ይነሳ። ችካሉም የመሠረቱ ጉድጓድም አንድ ፎቶ ላይ ይታዩ፣ ሜትር ተዘርግቶበት። ተቃውሞም ዛሬውኑ በጽሑፍ ይግባ። ውክልናውን ጠበቃው «ጥቁር ካባ» ይመልስልሽ፣ እኔ አልገባበትም።

ጥቁር ካባ፦ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ለመክሰስና ለመታረቅ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ሁለቱም በስም ይጻፉ። ተቃውሞውን አታዘግዪ፤ ሕጉ ባለመሬቱ እየተቃወመ የተሠራንና ዝም ብሎ ያሳለፈውን ለያይቶ ያያል። ግንባታው እንዲቆም ከክሱ ጋር የእግድ አቤቱታ ይቅረብ።

የሰፈር ሽማግሌ፦ ምነው ልጄ፣ ሰላምታ ሳይቀድም ክስ? ግቢ ለግቢ የሚኖር ሰው ነገ ለቅሶ ላይ ይፈላለጋል። ሽማግሌ ይላክ።

ጥቁር ካባ፦ አባቴ፣ ይላክ፤ አልተቃወምኩም። ግን የሁከት ይወገድልኝ ክስ (ይዞታዬ ተነካ ብሎ የሚቀርበው) በቁጥር 1149 ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያለው። ሽምግልናው ቀኑን ያቆምልናል ብሎ የሚቀመጥ ሰው ነው የሚጎዳው።

የሰፈር ሽማግሌ፦ ፍርድ ቤቱስ ስንት ዓመት ይፈጃል?

ቀያሹ፦ ይህን ክርክር ሌላ ቀን። ታረቃችሁም ተካሰሳችሁም ወረቀቱ ላይ ልኬት ከሌለ ከንቱ ነው። «ከዋርካው እስከ በሩ» ተብሎ የተጻፈ እርቅ ስንቱን አይቻለሁ፤ ዋርካው ይቆረጣል፣ በሩ ይዛወራል። ለእያንዳንዱ ችካል ከማይነቃነቁ ሁለት ነጥቦች ርቀት ይጻፍ፦ ከቤቱ ማዕዘን 3.40 ሜትር፣ ከመብራት ምሰሶው 7.15 ሜትር እንደማለት። ሦስት ነጥብ ቢሆን ይበልጥ ይሻላል። ያኔ ችካሉ ቢነቀል እንኳ ከነጥቦቹ ሜትር ዘርግቶ መልሶ ማግኘት ይቻላል። ደግሜ እላለሁ፣ አትንቀሉ፤ የወሰን ምልክት ማፈናቀል በወንጀልም ያስጠይቃል።

ጥያቄ (ከጎጃም)፦ የአባታችን ደብተር «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ» ብቻ ይላል። ጎረቤት በየዓመቱ አንድ ትልም እያረሰ ይገባል።

ቀያሹ፦ የመጀመሪያ ደረጃ ደብተር አዋሳኝን ይነግርሃል እንጂ መስመሩን አያሳይህም። ሁለተኛ ደረጃ ካርታ ያለው የምስክር ወረቀት ወጥቶላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ካልወጣ በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ፊት፣ አዋሳኞቹ ሁሉ ባሉበት፣ እህል ከተነሳ በኋላ አስለኩ። ያልታረሰውን የሣር ድንበር ለሁለታችሁም ተዉት፤ አንዴ ከታረሰ መስመሩ የት እንደነበር ዐይን አያገኘውም።

ጥያቄ፦ የጎረቤት ባሕር ዛፍ አጥሬን ሰነጠቀው። የጣሪያው ውሃም እኔ ላይ ይወርዳል።

ቀያሹ፦ ለውሃው አሸንዳ ያስገጥም። ዛፉን ሌላ ሰው ይመልስ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ኤክስና ዋይ አስገብቼ…

ቀያሹ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ! ሁለት ጊዜ አልጽፈውም።

ጥያቄ (ከገርጂ)፦ ወደ ውስጥ አስገብቼ ልጀምር ነው፣ ሲባጎውን ወጥሬ ፎቶ ልኬያለሁ። ልክ ነው?

ቀያሹ፦ አይደለም። ሲባጎው የታሰረው ችካሉ አናት ላይ ነው፣ ችካሉ ደግሞ ወደ ጎረቤት ዘንበል ብሏል። አናቱን ትተህ መሬቱ ጋ ከሥሩ እሰረው። ካቃናኸው ነቀልክ ይሉሃል፣ እንዳለ ተወው።