መልስ፦ የሆሊውድ ተዋናዩን ዳኒ ትሬሆን ከሱስ ያወጣው ፊልም ነው?

አይደለም። ወንድምሽ «ትሬሆም የዕፅ አለቃ ነበር፣ ሆሊውድ ነው ያዳነው» ብሎ ከማገገሚያ እንደወጣ ትወና ካልገባሁ ካለሽ፣ ነገሩ ተገልብጦበታል። ትሬሆ ዕፅ የተወው እስር ቤት እያለ ነው፣ በ1968 እ.ኤ.አ.። ፊልም ላይ መጀመሪያ የታየው በ1985 ነው። አለቃም አልነበረም፤ ሄሮይን የሚወስድ፣ የሚሸጥ፣ የሚዘርፍ ሰው ነበር።

ለወንድምሽ የምትነግሪው መሃል ላይ ያሉትን 17 ዓመታት ነው። ትሬሆ ከእስር ወጥቶ የሱሰኞች አማካሪ ሆነ። «ራናዌይ ትሬይን» የሚባለው ፊልም የሚቀረጽበት ቦታ የሄደውም ኮኬይን ያስቸገረውን ልጅ ሊደግፍ እንጂ ሥራ ፍለጋ አልነበረም። እዚያ ኤድዋርድ በንከር አየው። ሳን ክዌንቲን እስር ቤት አብረው ታስረዋል፤ በንከር በኋላ ጸሐፊ ሆኗል። በንከር ትሬሆ የእስር ቤቱ የቦክስ ሻምፒዮን እንደነበር አልረሳም። ትሬሆም የፊልሙን ተዋናይ ኤሪክ ሮበርትስን ቦክስ እንዲያሠለጥን በቀን 320 ዶላር ተቀጠረ። ከዚያ ዳይሬክተሩ ፊቱን ወደደውና ትንሽ ሚና ሰጠው። ያን ፊት፣ ደረቱ ላይ ያለውን ትልቅ ንቅሳት፣ ማንም ሜካፕ ሊሠራው አይችልም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። የአክስቴን ልጅ መጠጥ ባቆመ በሁለተኛ ወሩ ቲያትር ክበብ አስገባሁት። ልምምዱን ወደደው። ችግሩ የመጣው ከልምምድ በኋላ ነው፤ ሁሉም ተያይዘው ግሮሰሪ ይገባሉ። እሱም ገባ። ዛሬም ይቆጨኛል። ስለዚህ ወንድምሽን ከማስመዝገብሽ በፊት ልጆቹ ከልምምድ በኋላ የት እንደሚሄዱ ጠይቂ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ማታ ማታ ሄደሽ ይዘሽው ተመለሺ።