የሄልሜት መብራት አስተሳሰር፦ ጠይቁ፣ ካቴና ይመልሳል

ካቴና፦ እስከ ማታ 3 ሰዓት እመልሳለሁ። ጉዳዩ አንድ ነው፤ የተራራ ብስክሌት ሄልሜት ላይ መብራት ማሰር። ስትጠይቁ የሄልሜቱን ዓይነት፣ የመብራቱን ክብደት በግራም፣ ድንጋዩ (ኃይል የሚይዘው) እላዩ ላይ ይሁን በገመድ የተለየ ጻፉ። ሌላው፣ ከአሁኑ ልናገርና ይውጣልኝ፦ ሄልሜት አይበሳም።

ሰንዳፋ21፦ ሰላም ጋሼ። ባትሪዬ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ፣ ምን ይሻላል?

ካቴና፦ የትኛው ባትሪ? መብራቱንም ባትሪ እንላለን፣ ድንጋዩንም ባትሪ እንላለን። ክብደቱስ? ከላይ የጻፍኩትን አንብብና ተመለስ።

ሰንዳፋ21፦ ይቅርታ ጋሼ። መብራቱ ነው። 130 ግራም፣ ድንጋዩ በገመድ ቦርሳ ውስጥ ነው። ማሰሪያው 20 ሚሊ ሜትር ቬልክሮ። ሄልሜቱ ሚፕስ የሚባለው ተንሸራታች የውስጥ ሽፋን የለውም።

ካቴና፦ አሁን መነጋገር ይቻላል። ቬልክሮ የሚንሸራተተው ላልቶ ብቻ አይደለም። የመብራቱ መቀመጫ ፕላስቲክ ነው፣ የሄልሜቱ ቅርፊትም ፕላስቲክ ነው፤ በመካከላቸው አቧራ ሲገባ እንደ ሳሙና ይሆናሉ። ስለዚህ ከአሮጌ ካላማዳሪያ (የጎማ ውስጠኛ ቱቦ) ከመቀመጫው በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር የሚተርፍ ቁራጭ ቁረጥ። ውስጡ ነጭ ዱቄት አለው፣ በሳሙና አጥበህ አድርቀው፤ ዱቄቱ ካለ ጎማው ምንም አይዝም።

ቀጥሎ ቦታ። አየር ማስገቢያዎቹን እይ፤ ከ4 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ቀዳዳዎች ምረጥና መብራቱን በመካከላቸው ባለው ሸንተረር ላይ አስቀምጥ። ቀዳዳዎቹ በጣም ከተራራቁ ማሰሪያው በአየር ላይ እንደ ድልድይ ይንጠለጠላል፣ ስትስበውም ቅርፊቱን አይጨብጥም። ግንባር ጫፍ ላይም አታድርገው። 130 ግራም ጫፍ ላይ ሲሆን በየጉድጓዱ ሄልሜቱን ወደ ዓይንህ ይጎትተዋል። ከአናትህ መሃል ትንሽ ወደ ፊት ይበቃል።

መቀመጫውን በአንድ እጅ ወደ ታች እየተጫንክ በሌላው ሳብ። ቬልክሮው ተጣብቆ የሚተርፈው ጫፍ ከ3 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከበለጠ ቁረጠው፣ ቅርንጫፍ የሚይዘው እሱን ነው። ከዚያ ሄልሜቱን አጥልቅ፣ የኋላውን ማጥበቂያ አዙር፣ መብራቱን በሁለት ጣት ይዘህ ነቅንቅ። የግንባርህ ቆዳ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ጥሩ ታስሯል። መብራቱ ብቻውን ከሄደ እንደገና ጀምር።

አቅጣጫውን ስታስተካክል ደግሞ ቀጥ ብለህ አትቁም። ብስክሌቱ ላይ ወጥተህ እንደ ቁልቁለት አጎንብስ፤ የብርሃኑ መሃል ከ10 እስከ 15 ሜትር ላይ ይረፍ። ቆሞ ያስተካከለ ሰው ሲጋልብ የሚያበራው ዛፍ ጫፍ ወይም የፊት ጎማውን ነው።

የካ_ዱካ፦ ቬልክሮ ለምን ይሄን ያህል ያለፋል? በትራፓኖ 5 ሚሊ ሜትር በስቶ በብሎንና በዳዶ ማሰር አይሻልም?

ካቴና፦ አይበሳም። ምክንያቱን አንዴ ልጻፈው፣ ሌላ ጊዜ ወደዚህ እመራችኋለሁ።

የአውሮፓው ኢኤን 1078 ፈተና ሄልሜቱን በሴኮንድ 5.42 ሜትር ፍጥነት ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይጥለዋል፤ ከ1 ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ መውደቅ ማለት ነው። የሚያድንህ ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቆ ምቱን መዋጡ ነው። ፎሙ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፣ ያ ሁሉ ያስፈልግሃል። አንተ ግን እዚያ ውስጥ የብረት ችንካር ልትተክል ነው፤ በወደቅህ ጊዜ ፎሙ ሲጨፈለቅ ብሎኑ አይጨፈለቅም፣ ወደ ራስህ ይመጣል። ሲበሳም ቀዳዳው ዙሪያ ስንጥቅ ይጀምራል።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። መብራት የሚታሰረው መንገድ ሲያንገጫግጭ እንዳይነቃነቅ ነው፤ ቅርንጫፍ ሲይዘው ግን መላቀቅ አለበት። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ ሥር በ25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትወርድ፣ ከሄልሜቱ በላይ 5 ሳንቲ ሜትር ብቅ ያለ ነገር በብሎን ከተያዘ ቅርንጫፉ የሚስበው አንገትህን ነው። መብራቱ ይውደቅ፣ ይሰበር። አንገት መለዋወጫ የለውም።

የካ_ዱካ፦ ገባኝ ጋሼ። በማስቲሽስ?

ካቴና፦ አይሆንም። የማስቲሽ ማሟሟቻ ፎሙን ይበላል፣ የውጩን ቅርፊትም ያሰነጥቃል፤ ጉዳቱ ከውጭ ላይታይ ይችላል። ቤንዚን፣ አሴቶን፣ ሱፐር ግሉ ሁሉም ያው ናቸው።

ሲያትል_ዝናብ፦ የኔ ሚፕስ ያለው ነው፣ መብራቱ 95 ግራም፣ ድንጋዩ እላዩ ላይ። ቬልክሮውን በውስጥ አዙሬ ባስረው ችግር አለው?

ካቴና፦ እንዲህ ነው ጥያቄ። ሚፕስ ማለት ውስጥ ያለችው ስስ ሽፋን ናት፤ አግድም ምት ሲመጣ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ትንሸራተታለች። ቬልክሮው ሽፋኗንም ፎሙንም አብሮ ከጠመጠመ አንድ ላይ ሰፋሃቸው ማለት ነው፤ የከፈልክበት ነገር የለም። ማሰሪያው በፎሙና በሽፋኗ መካከል ይለፍ። ከማሰርህ በፊት ቅርፊቱን ይዘህ ሽፋኗን በጣት ግፋ፣ ካሰርክ በኋላም ድገመው፤ እንቅስቃሴዋ ከቀነሰ ፍታ።

በመካከል ማሳለፍ ካልተቻለ በሁለት በኩል የሚለጠፍ መቀመጫ ተጠቀም። ቦታውን በፋርማሲ አልኮል ጠርገህ አድርቅ፣ ተለጣፊ ምስል ካለ አንሳ፣ ለ30 ሴኮንድ በኃይል ተጫን። ቪ ኤች ቢ የሚባለው ማጣበቂያ በ20 ደቂቃ ግማሽ ያህል ይይዛል፣ በ24 ሰዓት 90 በመቶ፣ ሙሉ የሚሆነው በ72 ሰዓት ነው። ለጥፎ በዚያው ማታ የወጣ ሰው ማጣበቂያውን አይውቀስ። ያንተ አገር ብርድ ስለሆነም ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን ቤት ውስጥ ለጥፈው።

ፔዳል፦ ሁሉም ሰው ሄልሜት ሄልሜት ይላል፣ መሪ ላይ ማሰር እያለ ይሄ ሁሉ ድካም ምንድነው?

ቢሾፍቱ_ሐይቅ፦ መሪ መዞር የሚጀምረው አንተ ካየህ በኋላ ነው። ጠመዝማዛ ላይ መሪው ገደሉን ያበራል፣ ራስህ ግን መውጫውን።

ፔዳል፦ የራስ መብራት ጥላ ያጠፋል! ድንጋዩና ጉድጓዱ አንድ ይመስላል።

ቢሾፍቱ_ሐይቅ፦ ቀስ ብሎ መንዳት ነዋ።

ፔዳል፦ ቀስ ብሎ ለሚነዳማ ሻማም ይበቃዋል።

ካቴና፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ አቁሙ። ብርሃኑ ከዓይን አጠገብ ሲነሳ ጥላው ከድንጋዩ ጀርባ ይደበቃል፤ ከመሪ ሲነሳ ዝቅ ስለሚል ጥላ ይታያል። መሪ ላይ ሰፊ ብርሃን፣ ሄልሜት ላይ ጠባብ። አንድ ብቻ ካላችሁ ለጠመዝማዛ መንገድ ሄልሜት። በበጋ አቧራና በክረምት ጉም የሄልሜቱን ቀንሱት፣ ከፊታችሁ ነጭ ግድግዳ ነው የሚሠራው። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

መርካቶ_ተራ፦ 10 ሺህ ሉመን (የብርሃን መጠን) የተጻፈበት አለ፣ ድንጋዩም 9900 ሚሊ አምፔር ሰዓት። ይሻላል?

ካቴና፦ ውሸት ነው። 18650 የሚባለው ድንጋይ፣ አንዱ፣ ምርጡ እንኳ 3500 ገደማ ነው የሚይዘው። የቀረው ቀለም ነው።

ፍራንክፈርት፦ ሄልሜት ላይ ካለ በሕግ ይበቃል?

ካቴና፦ ጀርመን አይበቃም። ሕጉ የሚጠይቀው ብስክሌቱ ላይ ነው።

ማርታ_ዲሲ፦ ለወንድሜ አንድ ልልክለት ነው፣ ድንጋዩ 7.4 ቮልት 5200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። በአውሮፕላን ያልፋል?

ካቴና፦ 7.4 በ5.2 ሲባዛ 38 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ ወሰኑ 100 ነው። ያልፋል እህቴ፣ ግን ድንጋዩ ለብቻው የሚጓዝ ከሆነ በእጅ ሻንጣ ብቻ፣ ጫፎቹ በናስትሮ ተሸፍነው።

ጀማሪ_07፦ ጋሼ፣ ሄልሜት ላይ መብራት እንዴት ይታሰራል?

ካቴና፦ ለሰንዳፋ21 የጻፍኩትን አንብብ።

ጀማሪ_07፦ አንብቤዋለሁ። ቬልክሮ የለኝም፣ ኬብል ታይ የሚባለው የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው ያለኝ። መብራቱ 80 ግራም ነው።

ካቴና፦ እሱን ቀድመህ ብትል ኖሮ። ባለ 2.5 ሚሊ ሜትሩን ተጠቀም፤ 8 ኪሎ ገደማ ሲሳብ ይበጠሳል። ባለ 4.8ቱ 22 ኪሎ ይይዛል፣ እሱን ለመሪ አስቀምጠው። ከሥሩ ካላማዳሪያ አድርግ፣ በእጅህ ብቻ አጥብቅ፣ በፒንሳ አትሳብ፤ ፎሙን ይሰረጉደዋል። ጅራቱን ከሥሩ ቁረጥና ስለቱ ወደ ውስጥ እንዳይዞር እይ።

ሰንዳፋ21፦ ጋሼ በካላማዳሪያው ቆሟል፣ አይንቀሳቀስም። የቀረው ገመዱ ነው፣ ራሴን ሳዞር ይስበኛል።

ካቴና፦ ገመዱን በሄልሜቱ መሃል ወደ ኋላ አውርደው፣ በአንገት በኩል አታሳልፍ። ቦርሳ ላይ ከመግባቱ በፊት አንድ እጅ ስፋት ያህል ልቅ ተው፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሙሉ ዞረህ ሞክር። መጋጠሚያው ከአንገትህ በታች ይሁን፣ በናስትሮ እንዳትጠቀልለው። ስትወድቅ ቦርሳው ወደ አንድ ጎን፣ ራስህ ወደ ሌላ ከሄደ፣ መጋጠሚያው ራሱን ነቅሎ መውጣት አለበት። አሁኑኑ በሁለት ጣት ሳበው፤ ከጠበቀ በቀላሉ እስኪላቀቅ ድረስ እየሰካህና እየነቀልክ አለዝበው።