ሮቶ ወይስ የሸራ ገንዳ? ከደጀን ለጠየቁት ወንድማችን

ቀበሌያችሁ ለክምርና ለሣር ቤት ቃጠሎ የሚሆን ሮቶ ይግዛ ወይስ ታጣፊ የሸራ ገንዳ ብለው ጠይቀዋል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ሁለቱንም ስለሞከርናቸው ሳላቅማማ ገንዳውን ይግዙ እላለሁ።

1. የሮቶ ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ እሳቱ እየነደደ ባልዲ ተራ ይጠብቃል። ክፍቱን ገንዳ ግን ሕዝቡ ከቦ ይቀዳል፣ የመስኖ ሞተሩም ከዚያው ይስባል፤ ቦቴውም ውኃውን ዘርግፎ ወዲያው ወደ ወንዝ ይመለሳል። ሒሳቡን ግን አስቀድመው ይሥሩት፦ 10,000 ሊትር የሚይዝ ገንዳ፣ በደቂቃ 500 ሊትር ለሚስብ ሞተር የ20 ደቂቃ ውኃ ነው፤ ቦቴው በዚያ ጊዜ ደርሶ የማይመለስ ከሆነ ሁለተኛ ቦቴ መለመን ግድ ነው።

2. ሲሞላ 10 ቶን ስለሚመዝን ሜዳ መሬት ይምረጡ፤ የግራር እሾህና የበቆሎ ጉቶ እንዳይበሳውም ከሥሩ ሌላ ሸራ ያንጥፉ። መሳቢያ ጎማው ጠንካራው ዓይነት ይሁን፤ ለስላሳው ሞተሩ ሲስብ ተጣብቆ ይዘጋል። አገራችን ደጋ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ከጥልቅ የመሳብ አቅሙ ከቆላው ያነሰ ነው። ስለዚህ ከወንዝ ቦቴ ሲሞሉ ሞተሩን ወደ ውኃው ያውርዱት እንጂ መሳቢያውን አያርዝሙ።

3. ከሁሉ በፊት ገንዳው የሚቀመጥበት ቤት ቁልፍ በማን እጅ እንደሚሆን በቃለ ጉባኤ ያስወስኑ። የእኛን ገንዳ ገበሬው አዋጥቶ የገዛው ሆኖ ሳለ፣ አንድ መሥሪያ ቤት «ንብረት በየሜዳው አይቀመጥም» ብሎ መጋዘኑ ውስጥ ቆለፈበት። በታኅሣሥ፣ እሑድ ቀን፣ አውድማ ዳር የነበረ የጤፍ ክምር ተያያዘ። ንብረት ክፍሉ ጋ ስንደውል የተሰጠን መልስ «ሞዴል 22 (የዕቃ ማውጫ ደረሰኝ) ሳይቆረጥ ዕቃ አይወጣም፤ ፈራሚው ሰኞ ነው የሚገባው» የሚል ነበር። እኛ በቅጠልና በአፈር ስንታገል የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ አመድ ሆነ፤ እስከ ዛሬም ይቅርታ የጠየቀን የለም። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎች ተሟግተው ገንዳውን አስመለሱ፤ ቁልፉም እሳት ሲነሣ ቀድመው በሚደርሱ ሁለት ጎረቤታሞች እጅ ነው። በኋላ አንድ የሣር ቤት ሲቃጠል ጎረቤት ያሉትን ቤቶች አትርፈናል፤ ያው መሥሪያ ቤትም ከገንዳው ጋር ፎቶ ሊነሣ ሰው ልኮ ነበር!

ሲጨርሱ ሸራው በደንብ ሳይደርቅ እንዳይታጠፍ፣ ይሻግታል። እህል ካለበት ቤትም አያስቀምጡት፣ አይጥ ይበላዋል።