ከአንደኛ እስከ አስረኛ ለወጡት ብቻ

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለሌሎቹ አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። ጠያቂያችን 24 ዓመቷ ነው። በሳይኮሎጂ ተመርቃ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) ሆና ትሠራለች። የትምህርት ቤቱ ባለቤት «ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች ለይተሽ የአይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ሰርተፍኬት ስጪልኝ፣ ደሞዝሽ ላይ 3 ሺህ ብር እጨምራለሁ» ብሏታል። ፈተናው ከኢንተርኔት የወረደ ነው። የሚፈተኑት ደግሞ ከአንደኛ እስከ አስረኛ የወጡት ብቻ ናቸው። እሷን ግን ሐሳብ ላይ የጣላት ሌላ ልጅ ነው። አራተኛ ክፍል ነው፣ ከ41 ተማሪ 38ኛ ወጥቷል። የግቢው ጀነሬተር ለምን ጥቁር ጭስ እንደሚያወጣ ቁጭ አድርጎ ያስረዳታል፤ ደብተሩ ግን አይነበብም። የታናሽ ወንድሟን የኮሌጅ ክፍያ የምትከፍለው እሷ ናት፤ እናቷ «ባንክ ግቢ» ይሏታል። እሷ ማስተርስ አምሯታል፣ የውጭ ስኮላርሺፕም እንደዚሁ። «ልጆችን መመዘን እንጀራ ይሆነኛል ወይ?» ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ ከልጁ ልጀምር።

ካውንስለር ከመሆኔ በፊት ደብረ ብርሃን 11 ዓመት አስተምሬያለሁ። ሦስተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ነበረኝ። «ሰበረ» የምትለዋን ቃል አንዴ «ሰቡረ»፣ አንዴ «ሱበረ» እያለ ይጽፋታል፤ ያውም በአንድ ገጽ ላይ። ቅዳሜ ገበያ እናቱ ድንች ትሸጣለች። ኪሎው 7 ብር ከ50 ነበር። «ሦስት ኪሎ ተኩል» ከማለቴ ልጁ ከኋላዋ «26 ከስሙኒ» አለ። ይሄ የገበያ ልጅ ልምድ ነው ብዬ ላልፈው ስል፣ የሚያጭበረብር ሚዛን እንዴት እንደሚታወቅ ነገረኝ። «ዕቃውንና ድንጋዩን ሳህን ማለዋወጥ ነው፤ ያኔ ካጋደለ ሚዛኑ ውሸታም ነው» አለኝ። ሰኔ ላይ ካርዱ ላይ «ትኩረት ያንሰዋል» ብዬ ጻፍኩ። ክፍል ደገመ። ያስደገምኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ገለልተኛ አይደለሁም።

እንዲህ ያለ ልጅ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይዟል፦ ብልህነትንና የማንበብ ወይም የመጻፍ ችግርን። ብልህነቱ ችግሩን ይሸፍንለታል፣ ችግሩ ደግሞ ብልህነቱን ይጋርድበታል። ከውጭ ሲታይ መካከለኛ ወይም ሰነፍ ይመስላል። ልጆችን ለመመዘን በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው ፈተናዎች አንዱ የዌክስለር ነው፤ ከ6 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች። አምስተኛው እትም አምስት ነገሮችን ለየብቻ ይለካል፦ የቃል መረዳትን፣ በዓይን እያዩ መገጣጠምን፣ አዲስ ችግር ላይ ማሰላሰልን፣ ነገርን ለአፍታ በአእምሮ ይዞ መሥራትን፣ ፍጥነትን። አማካዩ 100 ነው። አንድ ልጅ በማሰላሰል 132፣ በፍጥነት 84 ቢያመጣ ጠቅላላ ውጤቱ መሀል ላይ ያርፋል። «ደህና ነው» ተብሎም ወደ ቤቱ ይሸኛል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ድምሩን ትቶ በ132 እና በ84 መካከል ያለውን ገደል ነው የሚያየው። ሰርተፍኬት ላይ ግን የሚታተመው ድምሩ ነው።

ደግሞ ይሄ መመዘኛ የተስተካከለው በ2,200 የአሜሪካ ልጆች ላይ ነው። የአቃቂን ልጅ «ከእኩዮቹ ይበልጣል» ስትዪ እኩዮቹ እነማን ናቸው? ፈተናው ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ የሚሸጠውም በምክንያት ነው። ጥያቄው አንዴ ሜዳ ላይ ከወጣ የሚለካው ማን ቀድሞ እንዳጠናው ነው። ባለቤቱ ያወረደው ፈተና ምን እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ለጎበዞቹ ብቻ የሚለው ነገርም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሳይኮሎጂ ተመራማሪው ሉዊስ ተርማን ከ1,500 በላይ ልጆችን «ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው» ብሎ መርጦ ዕድሜ ልካቸውን ተከታተለ። የመጀመሪያው ወንፊት የመምህራን ጥቆማ ነበር። ተፈትነው ነጥብ ስላልሞላላቸው ከቀሩት ውስጥ ሾክሌይ በ1956፣ አልቫሬዝ በ1968 በፊዚክስ ኖቤል ወሰዱ። ከተመረጡት አንድም ኖቤል ያገኘ የለም።

እና ለባለቤቱ «አልችልም» በዪው። ሥልጠናው የለሽም፣ ይሄ ደግሞ አያሳፍርም። ያ 3 ሺህ ብር የአንቺን ፊርማ መግዣ ነው። ሊቆጣ ይችላል፣ ሥራሽን ልታጪም ትችያለሽ፤ ይሄን ቀላል ነው ብዬ አልሸነግልሽም።

ስለ ባንኩ። እናትሽን አልፈርድባቸውም፤ ማጣትን ያውቁታል። ግን የታናሽ ወንድምሽ የኮሌጅ ክፍያ ለምን አንቺ ላይ ብቻ ወደቀ? ሁለት ታላላቅ ወንድሞች እንዳሉሽ ራስሽ ጽፈሻል። አንደኛው መኪና እንደገዛም ጽፈሻል። መጀመሪያ ያን ወሬ ቤት ውስጥ አንሺው፣ ከዚያ ስለ ባንክ እናወራለን። በዚህ ሙያ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ከባንክ ያነሰ እንደምታገኚ ግን ቁርጡን እወቂው።

ማስተርስ? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂም ልዩ ፍላጎት ትምህርትም አለ። እኔ ልዩ ፍላጎቱን እመርጥልሻለሁ፤ ከክፍል የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ ወደ ክፍል ማድላቴ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሠራ ሰው ብትጠይቂ ሌላ ይልሽ ይሆናል። ግን ከመመዝገብሽ በፊት ሁለት ዓመት ከልጆች ደብተር ጋር ብትቆዪ ይሻልሻል። ስኮላርሺፑን ሞክሪ፣ እሱን እየጠበቅሽ ግን አትቀመጪ።

አሁን ወደ ጀነሬተሩ ልጅ። ዓይኑና ጆሮው ታይቶ እንደሆነ ቤተሰቡን ጠይቂ። ቤት ውስጥ የሚነገረው ምን ቋንቋ እንደሆነም ጠይቂ። ስታስነብቢው ከገጹ መሀል አስጀምሪው፤ ትውስታቸው ኃይለኛ የሆኑ ልጆች መምህሩ ሲያነብ የሰሙትን በቃላቸው ይዘው «ያነባሉ»። ሰኞ ደግሞ ባለፈው የወደቀበትን የሒሳብ ፈተና ጮክ ብለሽ አንብቢለት፣ እሱም በአፉ ይመልስ፣ አንቺ ጻፊለት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ስሙን ሸፍኚው።